ወደ እንጦስና ወደ ዘጌ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን በዚህ ዓመት ችግኝ አፍልቷል፣ ግቢ አጽድቷል፣ በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይና በሚኒ ሚዲያ መልእክት አስተላልፏል። የእነዚህ ዝርዝር ለርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ባስገባነው ሪፖርት ውስጥ ስለሚገኝ እዚህ አልደግመውም። በዚህ መጽሔት ላይ ልጽፍ የፈለግሁት ከጥቅምት ጀምረን ስናቅደው ቆይተን በየካቲት ስለ ፈጸምነው የጣና ደሴቶች የጀልባ ጉዞ ነው። በተለይ ደግሞ ስለ ዕቅዱ። እንደ ተጠሪ መምህር ያየሁት፣ ተማሪዎቻችን ጣናን ያወቁት ገና ጀልባ ላይ ሳይወጡ፣ በመማሪያ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ መሆኑን ነው።

ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ሐይቁን በየቀኑ ያየዋል። በዳርቻው ይዝናናል፣ አሳውን ይበላል፣ ፎቶግራፍ ሲነሣም ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ይቆማል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ ከደሴቶቹ በአንዱ እግሩ ያረፈ እጁን እንዲያወጣ ስጠይቅ የወጡት እጆች ጥቂት ነበሩ። ሐይቁ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል፤ ብዙዎቹም የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት መቀመጫ ናቸው። አባሎቻችን ይህን በቃላቸው ያውቁታል። ያላወቁት ቦታውን ራሱን ነበር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ በእጃቸው ሲነቅሉ ተማሪዎቻችን አይተዋል። ያን ያህል መንገድ ተጉዞ የመጣ ሰው ውኃው ውስጥ ሲገባ፣ ሐይቁ ደጃቸው ያለ ልጆች «እኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። የጉዞው ሐሳብ የመነጨውም ከዚያ ነው።

ዕቅዱ የተጀመረው በካርታ ነው። የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ በአገራችን ከካፋ፣ ከያዩና ከሸካ ቀጥሎ ማለት ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ባቀረቡልን ካርታ ላይ አባላቱ የሐይቁን ዳርቻ በትልቅ ወረቀት ገልብጠው ሣሉ። ባዮስፌር ሪዘርቭ በአጥር ተከልሎ ሰው የማይገባበት ቦታ አለመሆኑን የተረዱት ያን ጊዜ ነው። ተፈጥሮው ሳይነካ እንዲቆይ የሚጠበቅ ጥብቅ ቀጠና አለ፤ በዙሪያው ጉዳት የማያደርስ ሥራ የሚፈቀድበት መከለያ ቀጠና አለ፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ ሰው የሚያርስበት፣ የሚነግድበት፣ ከተማ የሚገነባበት ቀጠና አለ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ የእኛም ትምህርት ቤት ሪዘርቩ ውስጥ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነው። ይህን ከሰሙ በኋላ የብዙዎቹ አነጋገር ተለወጠ፤ «እዚያ ያለውን ማየት» የሚለው ቀርቶ «የምንኖርበትን ማየት» ይሉ ጀመር።

ከሁሉ የከረረው ክርክር የትኛው ደሴት ይሁን የሚለው ነበር። የብዙዎቹ ምርጫ ዳጋ እስጢፋኖስ ነበር። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ገዳም ስለሆነ ታሪክ የሚወድ ተማሪ ሁሉ ልቡ ወደዚያ ሄደ። ሌሎች ታቦተ ጽዮን ለስምንት መቶ ዓመታት አርፋበታለች ተብሎ በትውፊት የሚነገርለትን ጣና ቂርቆስን መረጡ። ከከተማችን የሚቀርበው ክብራን ገብርኤልም ደጋፊ አላጣም። ሦስቱም ግን የወንዶች ገዳማት ናቸው፤ ሴት አይገባባቸውም። ከክበባችን አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው።

አንድ ተማሪ ወንዶቹ ገብተው እስኪመለሱ ድረስ ሴቶቹ ከአንዲት መምህርት ጋር ጀልባው ላይ ይጠብቁ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቱሪስቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ ሲል አስረዳ፤ በክፋት የተናገረው አልነበረም። የመለሰችለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሴት እንዳይገባ የሚለው የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ አከብረዋለሁ አለች፤ ወዴት እንሂድ የሚለው ግን የገዳሙ ሳይሆን የክበባችን ውሳኔ ነው፣ እኔ የምጠይቀው ክበቤን ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሥርዓትን ማክበርና መብትን መጠየቅ ሳይጋጩ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ በተሻለ ሲገለጽ ሰምቼ አላውቅም። ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡን ያቀረበው ልጅ ራሱ እጁን ለእርሷ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አባል የማይገባበት ቦታ ከዕቅዱ ወጣ።

በደቅ ደሴት ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ሴቶችንም ይቀበላል። እርሱ የቀረው በርቀቱ ነው፤ በሞተር ጀልባ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪ ይዞ ውኃ ላይ ለሚወጣ ክበብ ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ ከክብራን ጎን ያለችውን ትንሿን እንጦስ ኢየሱስንና ከእርሷ ተሻግሮ ያለውን የዘጌ ልሳነ ምድር መረጥን። እንጦስ ሴት መነኮሳት የሚኖሩባት ደሴት ናት። ዘጌ ደግሞ በየብስም የሚደረስበት ቢሆንም ደኑን ከውኃው በኩል ማየት የተለየ ነገር አለው።

ቀን መቁረጥ ቀላል ይመስል ነበር። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡት ወፎችም ገና ሳይመለሱ ብለን የካቲትን ያዝን። የክበቡ ጸሐፊ ከጾሙ በፊት ያሉትን የወሩን ቅዳሜዎች በሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ 2፣ 9፣ 16 እና 23። የካቲት 2 በዕረፍቱ ገጠር ወደ ቤተሰብ የሄዱት ገና ያልተመለሱበት ነው። የካቲት 23 የዐድዋ ድል በዓል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያከብራል። አብዛኞቹ 16ን ሊመርጡ ሲሉ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ «ኪዳነ ምሕረት ናት!» አለች። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል በሚከበርበት ዕለት ዘጌ ላይ ምን ያህል ምእመን እንደሚጎርፍ፣ ባዶ ጀልባ ማግኘትም እንዴት እንደሚከብድ የነገረቻት አያቷ ናት። የካቲት 9 ጸደቀ። ነፋስ ወይም ሌላ እንቅፋት ቢያጋጥም በሚል ሚያዝያ 26 በመጠባበቂያነት ተያዘ፤ ይህም ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ስለሆነ የሁለቱም እምነት ተከታይ አባሎቻችን ይመቻቸው ነበር።

ነፋስን ካነሣሁ ዘንድ አባላቱ ራሳቸው የሠሩትን መዝገብ መጥቀስ አለብኝ። ጣና ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። እንዲህ ያለ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። በዳርቻው ሰፈር የሚኖሩ አባላት ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ የውኃውን ሁኔታ እያዩ በደብተር መዘገቡ። ከጊዜ በኋላ መዝገቡ ሲነበብ ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ጠዋት ውኃው ይረጋል፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ይነሣል። የፊዚክስ መምህራችን ምክንያቱን አብራሩላቸው፤ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፣ በላዩ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦታውን ለመተካት ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ሠላሳ ዓመት በሐይቁ ላይ የኖሩ አንድ ካፒቴን መዝገቡን ተቀብለው ገጽ በገጽ ካዩ በኋላ «ይህንን እኔም የማውቀው ነው፤ ግን ጽፎ ያሳየኝ የለም» አሉ። መነሻችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ የመጨረሻው መመለሻ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት እንዲሆን የተወሰነው በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ጀልባ ስንመርጥ ዋጋውን የጠየቅነው በመጨረሻ ነው። አስቀድመን የጠየቅነው ስለ ነፍስ አድን ጃኬት፣ ስለ ተጠባባቂ ሞተርና ስለ ሰው ብዛት ገደብ ነበር። መጀመሪያ ያነጋገርናቸው ባለ ጀልባዎች ያሳዩን ጃኬቶች ማሰሪያቸው የተበጠሰ ስለነበር አመስግነን ወደ ሌሎች ሄድን። ከተመረጡት ሦስት ጀልባዎች የአንዱን ርዝመትና ስፋት ተማሪዎቹ በሜትር ለክተው መጡና በመረብ ኳስ ሜዳችን ላይ በጠመኔ ልክ በልኩ ሣሉት፤ ወንበሮቹን፣ የሞተሩን ቦታ፣ የመውጫውን ጫፍ ሳይቀር። ከዚያም መቀመጥን ተለማመዱ። ማን ከማን ጎን፣ ዋና የሚችል የት፣ የማይችል የት፣ ክብደቱ በሁለቱ ጎን እኩል እንዲሆን እንዴት። አንድ ሰው ከተነሣ መሪዋ ፊሽካ ትነፋለች፣ ሁሉም ወርዶ እንደገና ይጀመራል። የጀመሩ ሰሞን ሳቅ በሳቅ ነበሩ። ልምምዱ እየተደጋገመ ሲሄድ ግን በጸጥታ ገብተው በጸጥታ መውረድ ቻሉ። የቀይ መስቀል ክበብ አባላትም በዚያው የጠመኔ ጀልባ ላይ የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጥነውናል፤ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናቸዋለሁ።

ገንዘቡ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ፣ ከችግኝ ሽያጭና ከአባላት መዋጮ ተሰበሰበ። መዋጮው በዝግ ፖስታ ነበር፤ ያለው ያለውን ያህል፣ የሌለው ባዶውን ፖስታ አሽጎ ያስገባል፤ ፖስታ ላይ ስም አይጻፍም። በዚህ ምክንያት በገንዘብ እጦት የቀረ ተማሪ የለም። የወላጅ ፈቃድ ቅጽ ላይ ስለ ጀልባው፣ ስለ ሰዓቱና ስለ መቀመጫው በዝርዝር ስለጻፍን፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ስብሰባ ላይም የጠመኔውን ጀልባ ስላሳየን፣ መጀመሪያ ፈርተው የነበሩ እናቶች ፈርመዋል።

ወደ እንጦስ አስቀድመን ደብዳቤ ልከን ነበር። ፈቃዱን ይዘው ወደ ወደቡ የመጡት እማሆይ የተማሪውን ብዛት እንኳ ሳይጠይቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ ምግባችሁን የምትበሉት የት ነው? እንግዳ ጥሎት የሚሄደውን የውኃ ፕላስቲክ ከድንጋዩ መሐል የሚለቅሙት እርሳቸው ናቸው። ምሳው ከመመለሻ በኋላ በየብስ ላይ እንዲሆን፣ ውኃም ከቤት በሚመጣ ኮዳ ብቻ እንዲያዝ ያን ጊዜውኑ ተወሰነ። የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ደግሞ ሌላ ደንብ ጨመረ። በሐይቁ ዳርቻ፣ በተለይም በዘጌ አካባቢ፣ ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ስለሆነ ማንም እግሩን ውኃው ውስጥ እንዳያስገባ። በርካታ ወንዶች ልጆች በዚህ ደንብ ቅር ተሰኝተው ነበር፤ ጥገኛ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ በሥዕል ሲያዩ ግን ቅሬታው ቀረ። እንጦስ ላይ የሚወረደው በድንጋይ መውረጃው፣ በጫማ፣ አንድ በአንድ ሆነ። ከመነሣታችን በፊት የጀልባዎቹን ሆድና የሞተሩን መዘውር የሚፈትሽ ቡድንም ተቋቋመ። እምቦጭ ከአንዲት ቁራጭ ተነሥቶ ስለሚራባ ከሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ወደ ሌላው በጀልባ ሊሻገር ይችላልና ነው።

የጉዞው ዕለት ሁሉም እንደታቀደው ሄደ፤ ስለዚህ ብዙ የምተርከው የለኝም። ውኃው የረጋ ነበር። ክብራንን በስተጎን እያየን ስናልፍ ሁሉም ጀልባ ዝም ብሎ ነበር፤ ማንም አላዘዛቸውም። የወፎች ቡድን መሪ የነበረው ሙስሊም አባላችን ሻላዎቹን፣ ጥቁር ውኃ ጠላቂዎቹንና ዛፍ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን አሳ አዳኝ ንስር ለየጀልባው በምልክት እየጠቆመ ሲያሳይ አረፈደ። እንጦስ ላይ እማሆይ ተቀብለውን የገዳሙን ታሪክ ነገሩን፤ ሴቶቹ ልጆች ከአጠገባቸው አልተለዩም። ስለ ምንኩስና ሕይወት የጠየቋቸው ጥያቄዎች ብስለት እኔን አስደንቆኛል።

ዘጌ ላይ ከመውረጃው እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጥላ ውስጥ ያልፋል። ዋንዛውና ሌላው ትልልቅ ዛፍ ከላይ፣ ቡናው ከሥር፣ በመሐል ጦጣዎች። በቤተ ክርስቲያኑ የመቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አይተዋል፤ ስለ እነርሱ የሥነ ጥበብ ክበብ በሌላ ገጽ ይጽፋል። እኔ የማተኩረው በደኑ ላይ ነው። በዘጌ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት የተከለከለ ነው። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ ሳያርስ እንዲኖር ጸልየው ቡናና ጌሾ እንደተሰጣቸው ይተረካል። ሃይማኖታዊ ትርጉሙን ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ውጤቱን ግን በዓይናችን አይተናል፤ በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ መሬቱ ተገልጦ እያለ ይህ ልሳነ ምድር ደን ሆኖ ቀርቷል። ከየትኛውም ዓለም አቀፍ ሰነድ በፊት ይህን ቦታ የጠበቀው የነዋሪው የራሱ ሕግ ነው። ተማሪዎቻችን ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲማሩ ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ እንዳይመስላቸው ይህንን ማየታቸው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል።

ወደ ጀልባዎቹ ስንመለስ ዳርቻው ላይ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች አገኘን። ሁለቱ ውኃቸው እንዲንጠፈጠፍና በፀሐይ እንዲደርቁ ዛፍ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሦስተኛው የማገዶ እንጨት ተጭኖበታል። እንጨቱ በእኩል ርዝመት ተቆርጦ በልጥ ታስሯል። አንዲት ተማሪ እስሩን ዝቅ ብላ አየችና እናቷ ከገበያ የምትገዛው እንጨት እንዲሁ ታስሮ እንደሚመጣ ተናገረች። ባለ ታንኳው ወዴት እንደሚሄድ ስንጠይቀው ወደ ባሕር ዳር አለ። የቡና ዋጋ በወረደ ጊዜ ሌላ ምን ልሽጥ ሲል ጠየቀን፤ መልስ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት የክበቡ ስብሰባዎች ሁሉ ስለዚያ እንጨት ነበሩ ማለት ይቻላል። ደኑን የሚቆርጠው ማን ነው? ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰው ወይስ እንጨቱን የምንገዛው እኛ? ስለዚህ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እያንዳንዱ አባል የቤቱን የማገዶና የከሰል አጠቃቀም መዘገበ፤ ውጤቱም በሒሳብ ክበብ ድጋፍ በሰሌዳ ተዘጋጅቶ ለወላጆች ቀን ቀርቧል። በሰሌዳው ፊት ቆመው ከልጆቻቸው ጋር ስለ ምድጃ ሲነጋገሩ የነበሩ ወላጆች ብዙ ነበሩ። አንዳንዶቹ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ከየት እንደሚገኝ ጠይቀውናል፤ አባላቱም አጣርተው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈዋል። ለዘጌው ባለ ታንኳ መልስ ይሆናል ብዬ አላስብም፤ ከእኛ በኩል ሊሠራ የሚችለው ግን ከዚህ መጀመሩን አምናለሁ።

ለቀጣዩ ዓመት አባላቱ ናርጋ ሥላሴን መርጠዋል። ርቀቱ ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል፤ ማለዳ ለመነሣት፣ ምናልባትም በደቅ ለማደር የሚያስችል ፈቃድ፣ ተጨማሪ መምህራን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረዘም ያለ የነፋስ መዝገብ። መዝገቡን ክረምቱንም እንዳያቋርጡ በዳርቻ ሰፈር ላሉት አባላት አደራ ብያለሁ። የዘንድሮው ቃለ ጉባኤ፣ የጀልባው የመቀመጫ ንድፍ፣ የወላጅ ፈቃድ ቅጹና የወጪ ሒሳቡ በአንድ ፋይል ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል፤ ሌላ ክበብም ሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ሊጠቀምበት ከፈለገ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን መጠየቅ ይችላል። አዲስ አባላትን መመዝገብ የሚጀመረው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ ዋና መቻል መስፈርት አይደለም።